አዲስ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ወይ ሊኑክስ ሲጫን እየጠፋ፣ ስታክ እያደረገና ብሉ ስክሪን እያመጣ ካስቸገራችሁ፦ ከሀ እስከ ፐ

ዕቃው ሁሉ አዲስ ነው፣ ተገጣጥሟል፣ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚመጣው የቦርዱ የራሱ ፕሮግራም) ውስጥ ሲታይ ምንም ችግር የለም፣ ልክ ዊንዶውስ መጫን ሲጀመር ግን ፋይል እየገለበጠ እያለ ብሉ ስክሪን ይመጣል፣ ወይ ማውሱም ኪቦርዱም ቀጥ ይላል፣ ወይ ጭራሽ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ እንደገና ይሞክራል፣ ካልሆነ ሌላ አይኤስኦ (የመጫኛውን ፋይል) ያወርዳል፣ ካልሆነ ዊንዶውስ 11ን ትቶ 10ን፣ እሱም እንቢ ሲል ሊኑክስን ይሞክራል፣ በመሀል ቀኑ ያልቃል። ጥፋቱ ራሙ (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) ላይ ወይ ፓወሩ ላይ ከሆነ ግን የቱንም ብትጭኑ ለውጥ የለውም።

ባዮስ ውስጥ ሰላም ሆኖ መጫን ላይ የሚወድቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ባዮስ ከራሙ የሚነካው ትንሹን ነው፣ ፕሮሰሰሩንም ብዙ አያሠራውም። ኢንስቶለሩ (የሚጭነው ፕሮግራም) ግን የታመቁ ፋይሎችን ከፍላሹ እያነበበ፣ ራም ላይ እየዘረጋ፣ ዲስኩ ላይ እየጻፈ ሁሉንም ዕቃ በአንዴ ሥራ ላይ ያስገባዋል። እዛ መሀል ራሙ ውስጥ አንዲት ቢት ከተገለበጠች ፋይሉ ተበላሸ ማለት ነው፣ ኢንስቶለሩም ወይ ኤረር ያወጣል ወይ ይወድቃል።

ስለዚህ ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሂዱበት፣ አትዝለሉ፣ እና በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ራሙንም ባዮሱንም ፍላሹንም አንድ ላይ ቀይራችሁ ቢሠራላችሁ እንኳን የትኛው እንደነበር አታውቁም፣ ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ከዜሮ ነው የምትጀምሩት።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

- ሌላ በደንብ የሚሠራ ኮምፒውተር። ፍላሽ የምታዘጋጁት በሱ ነው፣ በተበላሸው ላይ የተዘጋጀ ፍላሽ አይታመንም።
- ሁለት ፍላሽ፣ ለኢንስቶለሩ የሚሆነው ቢያንስ 8 ጊጋ፣ ሌላው ለራም መፈተሻ።
- ካቻቢቴ።
- የማዘርቦርዱ ማኑዋል። ከአምራቹ ሳይት ላይ በትክክለኛ የሞዴል ስሙ አውርዱት፣ ተቀራራቢ ስም ያላቸው ቦርዶች ብዙ ናቸው፣ የሌላውን አታንብቡ።
- ወረቀት፣ እና ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ። ብሉ ስክሪን አንዳንዴ ሳታነቡት ያልፋል፣ ቪዲዮ ከቀረጻችሁት ግን አቁማችሁ ታነቡታላችሁ።

ዳታ ያለበት አሮጌ ዲስክ ከገጠማችሁበት አሁኑኑ ንቀሉት። እስከ መጨረሻው ድረስ አዲሱ ዲስክ ብቻ ይኑር። የተበላሸ ራም ያለው ኮምፒውተር ዲስክ ላይ የሚጽፈው ነገር ራሱ የተበላሸ ሊሆን ይችላል፣ በሱ ምክንያት ፎቶና ፋይሉን ያጣ ሰው ብዙ ነው።

ደረጃ 1፦ የት ላይ እንደሚወድቅ ለዩ

ምንም ሳትነኩ ሁለት ጊዜ ለመጫን ሞክሩና የሆነውን ጻፉ። ስንት ፐርሰንት ላይ፣ ምን ተጽፎ፣ ከተነሳ በስንት ደቂቃው። ይሄ አሰልቺ ቢመስልም ከቀጣዮቹ ደረጃዎች ግማሹን የሚያሳጥርላችሁ እሱ ነው።

ሀ) ሁሌም እዛው ቦታ ላይ የሚወድቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍላሹ፣ አይኤስኦው ወይ ዲስኩ ነው። ወደ ደረጃ 6 ከመሄዳችሁ በፊት ግን ደረጃ 4ን ጨርሱ።

ለ) አንዴ 12 ላይ፣ አንዴ 60 ላይ፣ አንዴ ገና ቋንቋ ሲያስመርጥ፣ ጽሑፉም በየጊዜው የሚለያይ ከሆነ ራም ነው ብላችሁ ጀምሩ። ራም ባይሆን እንኳን ቮልቴጅ ወይ ሙቀት ነው።

ሐ) ምንም ጽሑፍ ሳያሳይ በአንዴ የሚጠፋ ወይ ሪስታርት የሚያደርግ ከሆነ ፓወር ሰፕላይ፣ የፓወር ኬብል ወይ ከመጠን ያለፈ ሙቀት።

መ) ፋይል ገልብጦ ጨርሶ ሪስታርት ካደረገ በኋላ ተመልሶ የመጀመሪያውን ገጽ፣ ቋንቋ ምረጡ የሚለውን ካመጣ ይሄ ብልሽት አይደለም። ከፍላሹ እንደገና እየተነሳ ነው። ሪስታርት ሲያደርግ ፍላሹን ንቀሉት፣ ወይ ባዮስ ላይ ዲስኩን አንደኛ አድርጉት። በቃ።

ሠ) ጭራሽ ምንም ምስል ካልመጣ ደግሞ ታገሱ። ዲዲአር5 ራም ያለው ኮምፒውተር መጀመሪያ ሲበራ፣ ወይ ባዮሱ ወደ ነበረበት ሲመለስ ራሙን ስለሚለማመድ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል፣ ራሙ ትልቅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሞተ ብላችሁ በመሀል አታጥፉት፣ 15 ደቂቃ ስጡት። በመሀል ካጠፋችሁት ልምምዱን እንደገና ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው።

ብሉ ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍም ፍንጭ ይሰጣል። "ሜሞሪ ማኔጅመንት" ወይ "ፔጅ ፎልት ኢን ነንፔጅድ ኤሪያ" ካለ ራሙን አስቀድሙ። "ደብሊውኤችኢኤ አንኮሬክተብል ኤረር" ማለት ደግሞ ሃርድዌሩ ራሱ ስህተት አለብኝ ብሎ ሪፖርት አደረገ ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰር ወይ ቮልቴጅ ነው። "ክሎክ ዋችዶግ ታይምአውት" ካለ ከፕሮሰሰሩ ኮሮች አንዱ መልስ መስጠት አቁሟል። ግን በጽሑፉ ብቻ ዕቃ እንዳትቀይሩ፣ የተበላሸ ራም የማያወጣው ዓይነት ጽሑፍ የለም።

ደረጃ 2፦ ኬዙን ክፈቱና ግንኙነቱን እዩ

ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ የፓወር ኬብሉን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ከዛ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ቆዩ፣ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ነው። ከዛ የኬዙን ብረት ንኩ፣ ሰውነታችሁ ላይ ያለ ስታቲክ እንዲወርድ። ምንጣፍ ላይ ቆማችሁ አትሥሩ። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ደግሞ በምንም ምክንያት እንዳትከፍቱ፣ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ሰው የሚጎዳ ቻርጅ ይይዛል።

አሁን እነዚህን እዩ፦

የፕሮሰሰሩ ፓወር። ከትልቁ ባለ 24 ፒን ሌላ፣ ቦርዱ ጥግ ላይ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ባለ 8 ፒን ሶኬት አለ። ለፕሮሰሰር የሚሆነው ኬብል እና ለግራፊክስ ካርድ የሚሆነው ኬብል ሁለቱም ባለ 8 ፒን ናቸው ግን አንድ አይደሉም፣ ኬብሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ በግድ አታስገቡ። በደንብ ያልገባ ኬብል ባዮስ ላይ ችሎ ሥራ ሲበዛበት ይጥላል።

የሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል። ይሄን በጣም እለምናችኋለሁ። ኬብሉ የሚነቀል ዓይነት ፓወር ሰፕላይ ካላችሁ ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የተረፈ ኬብል አትጠቀሙ፣ ጫፉ ልክክ ብሎ ቢገባም በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የፒን አደራደር ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ተሳስቶ የገባ ኬብል ዲስክ ያቃጥላል፣ ቦርድም ያቃጥላል።

የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ። ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ተነስቷል? ፋኑ "ሲፒዩ ፋን" የሚለው ላይ ነው የተሰካው? ውሃ የሚያዞር ዓይነት ከሆነ ፓምፑ ተሰክቷል? ስክሩዎቹስ እኩል ጠብቀዋል? አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ትክክል አይደለም፣ በተቃራኒ ጥግ እያፈራረቁ በትንሽ በትንሹ ነው።

የቦርዱ ማረፊያዎች። ከቦርዱ ሥር ያሉት የብረት ማረፊያዎች ከቦርዱ ቀዳዳዎች ጋር መግጠም አለባቸው። ቀዳዳ በሌለበት ቦታ የቀረ ማረፊያ ካለ ቦርዱን ከሥር ይነካና ሾርት ያደርጋል።

ራሙ። ሙሉ በሙሉ አውጡትና እንደገና አስገቡት። በጣም የሚያሳስተው እዚህ ጋ ነው፣ ብዙ ቦርዶች ላይ የሚከፈተው መያዣ በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ ሰው የተከፈተውን በኩል ጫን ያደርግና ቀጭ ሲል ገባ ብሎ ይተወዋል፣ ሌላኛው ጫፍ ግን ገና አንድ ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ቀርቷል። የራሙን ጥርስ ከስሎቱ ጥርስ ጋር አስተያዩ፣ በሁለት አውራ ጣት ሁለቱንም ጫፍ እኩል ተጫኑ፣ ከዛ ዝቅ ብላችሁ ከጎን እዩት፣ ወርቃማው መስመር ከአንዱ ጫፍ በኩል ጎልቶ ከታየ አልገባም ማለት ነው። መጫኑ ጠንከር ይላል፣ ያ ጤነኛ ነው።

ስሎቱም ለውጥ አለው። አራት ስሎት ያለው ቦርድ ላይ ሁለት ራም ካላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ቦታቸው ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ነው፣ ቦርዱ ላይ ኤ2 እና ቢ2 ተብለው ይጻፋሉ። አንድ ራም ብቻ ከሆነ ሁለተኛው ላይ። ማኑዋሉ ሌላ ካለ ማኑዋሉን ስሙ።

ደረጃ 3፦ ትርፍ ዕቃ ሁሉ ይውጣ

ኮምፒውተሩን ለመነሳት የግድ ወደሚያስፈልገው ብቻ አውርዱት፦ ፕሮሰሰር ከነማቀዝቀዣው፣ አንድ ራም፣ አንድ ዲስክ፣ ኪቦርድ፣ ማውስ። ሁለተኛ ዲስክ፣ ካፕቸር ካርድ፣ ዋይፋይ ካርድ፣ የዩኤስቢ ማከፋፈያ፣ ፕሪንተር፣ ዌብካም፣ የመብራት መቆጣጠሪያ ምናምን ሁሉ ይነቀል።

ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ካለው ግራፊክስ ካርዱንም አውጡና ሞኒተሩን ቦርዱ ላይ ሰኩት። ስማቸው መጨረሻ ላይ ኤፍ ያለባቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ግራፊክስ የላቸውም፣ ለነሱ ካርዱ ይቆይ። ካርዱን አውጥታችሁ መጫኑ ያለ ችግር ካለፈ ጥርጣሬው ወደ ካርዱ፣ ወደ ኬብሉ ወይ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ጠበበ ማለት ነው።

ካልተነሳ ቦርዱ ላይ ያሉትን ትንንሽ መብራቶች እዩ። ብዙ ቦርዶች ላይ አራት ናቸው፣ ለፕሮሰሰር፣ ለራም፣ ለግራፊክስና ለቡት፣ በርቶ የሚቀረው የቱ እንደሆነ የት ላይ እንደቆመ ይናገራል።

ደረጃ 4፦ ባዮስን ወደ ነበረበት መልሱ

ሲነሳ ደጋግማችሁ ዴሊት ወይ ኤፍ2 ተጫኑ። ከዛ በዚህ ቅደም ተከተል፦

1. "ሎድ ኦፕቲማይዝድ ዲፎልትስ" የሚለውን ምረጡና ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ፣ ተመልሳችሁ ግቡ።

2. ኤክስኤምፒ ወይ ኤክስፖ የሚለው የራም ማፍጠኛ ፕሮፋይል መጥፋቱን አረጋግጡ። ካርቶኑ ላይ 6000 ተብሎ የተጻፈ ዲዲአር5 ራም ያንን ፍጥነት የሚያገኘው በዚህ ፕሮፋይል ነው፣ ይሄ ደግሞ ኦቨርክሎክ (ከመደበኛው ፍጥነት በላይ ማሠራት) ነው፣ ሻጩ ቢጽፈውም ኦቨርክሎክነቱ አይቀርም። ፕሮፋይሉ ሲጠፋ ዲዲአር4 ብዙ ጊዜ 2133 ወይ 2400 ላይ፣ ዲዲአር5 ደግሞ ብዙ ጊዜ 4800 ላይ ይሠራል። ቀርፋፋ ነው ብላችሁ አትጨነቁ፣ ለመጫን ይበቃል፣ በኋላ ትመልሱታላችሁ። መጫን እንቢ ካላቸው አዲስ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ የሚድኑት እዚችው ላይ ነው።

3. ሌላ ማንኛውም ማፍጠኛ ይጥፋ። ቦርዱ በራሱ ያበራው "መልቲኮር ኢንሃንስመንት" ወይ "ፒቢኦ" ካለ ዝጉት።

4. ሙቀቱን እዩ። ባዮስ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ከ30 እስከ 50 ዲግሪ አካባቢ ከቆመ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ከፍ ማለቱም አያስደነግጥ። እያያችሁት ሳያቆም እየወጣ 80ና 90 ከደረሰ ግን አጥፉት፣ ማቀዝቀዣው አልነካም ወይ ፓምፑ አይሠራም። አንሱትና የድሮውን ቴርማል ፔስት ጠርጋችሁ አዲስ አድርጉ።

5. "ሲኤስኤም" (የድሮው የማስነሻ ዘዴ) ይጥፋ፣ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ) ይሁን። ዊንዶውስ 11 ከሆነ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፑ) መብራቱን እዩ።

ከዚህ በኋላ አንዴ ለመጫን ሞክሩ። ካለፈ ደረጃ 5ን ለማታ አቆዩት ግን አትተዉት።

ባዮስ ውስጥ መግባት ራሱ ካቃታችሁ ከግድግዳው ነቅላችሁ ቦርዱ ላይ ያለውን ክብ ባትሪ አውጡና አምስት ደቂቃ ቆዩ፣ ወይ ማኑዋሉ ላይ "ክሊር ሲሞስ" የሚለውን ተከተሉ።

ባዮስ አፕዴት

አዲስ ዕቃ ላይ ባዮስ ማሳደግ አማራጭ አይደለም፣ ቦርዱ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ የተጫነበት ባዮስ ፕሮሰሰሩ ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል። በተለይ የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ያላችሁ ሰዎች ይሄን እንዳትዘሉት፦ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ቀስ በቀስ የሚጎዱበት ችግር ነበረባቸው፣ ኢንቴል ማስተካከያውን በማይክሮኮድ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ በሚሠራ ኮድ) ያወጣው እኤአ 2024 ውስጥ ነው፣ እሱም የሚመጣው በባዮስ አፕዴት ነው። ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሞታል። አፕዴቱ ወደፊት እንዳይጎዳ ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አያድንም፣ ስለዚህ ያገለገለ ፕሮሰሰር ገዝታችሁ ከሆነ ይሄን በአእምሯችሁ ያዙ።

አሠራሩ፦ ፋይሉን ከአምራቹ ሳይት አውርዱ፣ ዚፑን ፍቱ፣ ፋት32 በሆነ ፍላሽ ላይ አድርጉ፣ ባዮስ ውስጥ ካለው ማሳደጊያ ምረጡት። አንድ ራም ብቻ አድርጋችሁ፣ ኤክስኤምፒ ጠፍቶ። ኮምፒውተሩ ባዮስ ውስጥም ቢሆን የሚጠፋ ከሆነ በዚህ መንገድ እንዳትሞክሩት፣ በመሀል ከጠፋ ቦርዱ ላይነሳ ይችላል። ቦርዱ ከኋላ ባዮስ ፍላሽ የሚል ቁልፍ ካለው እሱን ተጠቀሙ፣ ፕሮሰሰሩና ራሙ ባይሠሩም ይጭናል፣ የፋይሉን ስም ግን ማኑዋሉ እንዳለው መቀየር ያስፈልጋል። መብራት የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ላይ ሰኩት።

ደረጃ 5፦ ራሙን በደንብ ፈትኑ

ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ ጫኑት፣ ኮምፒውተሩን ከሱ አስነሱ። ኦፕሬቲንግ ሲስተም አይፈልግም፣ ዋናው ጥቅሙ እሱ ነው። ፍላሹ አልነሳ ካለ ባዮስ ውስጥ ሴኩር ቡት የሚባለውን መከላከያ ለጊዜው ዝጉት።

ሁሉንም ራም አስገብታችሁ ጀምሩት። ነፃው ቨርዥን አራት ዙር ይሄዳል፣ ራሙ ትልቅ ከሆነ ሰዓታት ይወስዳል፣ ማታ ለቃችሁት ተኙ። አንድ ዙር ጨርሶ ምንም አላገኘም ብላችሁ አታቁሙት፣ ዕቃው ከሞቀ በኋላ ብቻ የሚታይ ስህተት አለ። ቀይ መስመሮች መውረድ ከጀመሩ ግን መጠበቅ አያስፈልግም፣ አቁሙት። ትክክለኛው ቁጥር ዜሮ ብቻ ነው። "ሁለት ኤረር ብቻ ነው ያሳየኝ" የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቷ ናት ዊንዶውሱን የምትጥለው።

ኤረር ከመጣ፦

1. አንደኛውን ራም ብቻ ሁለተኛው ስሎት ላይ አድርጋችሁ ፈትኑ። ጻፉ።
2. እሱን አውጥታችሁ ሌላኛውን እዛው ስሎት ላይ ፈትኑ። ጻፉ።
3. አንዱ ንጹህ ሌላው ኤረር ከሆነ ጥፋተኛውን አገኛችሁት። ጥንድ ሆኖ የተሸጠ ከሆነ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የምትመልሱት፣ አንዱን ብቻ መቀየር ሌላ የማይስማማ ጥንድ ያመጣባችኋል።
4. ሁለቱም ለየብቻቸው ንጹህ ከሆኑ፣ ንጹሁን ራም ይዛችሁ ሌሎቹን ስሎቶች አንድ በአንድ ፈትኑ። አንድ ስሎት ላይ ብቻ ኤረር ካመጣ ራሙ አይደለም።
5. ሁሉም ራም ሁሉም ቦታ ላይ ኤረር ካመጣ ሁሉም ራም በአንዴ ተበላሸ ማለት የማይመስል ነገር ነው። ቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የራም መቆጣጠሪያ፣ ወይ የማቀዝቀዣው መጥበቅ ነው።

ቁጥር 4 እና 5 ላይ ከደረሳችሁ ዕቃ ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። የማቀዝቀዣውን ስክሩዎች ሁሉ አላሉና እኩል በእኩል እንደገና አጥብቁ። በአንድ በኩል ብቻ ሲጠብቅ ፕሮሰሰሩ ሶኬቱ ላይ ያዘነብላል፣ ከፒኖቹ የተወሰኑት በደንብ አይነኩም፣ ከነዛ ውስጥ ወደ ራም የሚሄዱ ካሉበት ስሎቱ የሞተ ይመስላል።

ሁለት የተለያየ ጥንድ ቀላቅላችሁ አራት ራም ያስገባችሁ ሰዎች፣ አንድ ዓይነት ስም ቢኖረውም ለየብቻ የተሸጠ ራም አብሮ እንዲሠራ አልተፈተነም። ዲዲአር5 ላይ አራት ራም በራሱ ለመቆጣጠሪያው ከባድ ነው፣ ሁለት ትላልቅ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ፍላሹን እንደ አዲስ አዘጋጁ

ዊንዶውስ ከሆነ የማይክሮሶፍትን ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል ተጠቀሙ፣ ከሰው የተቀዳ "የተስተካከለ" አይኤስኦ አትጠቀሙ፣ ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራ ፕሮግራም) እና ፋይል የተነቀለበት ሊሆን ስለሚችል አዲስ ሃርድዌር ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሩፈስ በሚባለው ፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም የምትሠሩ ከሆነ ጂፒቲ (የዲስክ አከፋፈል ዓይነት) እና ዩኢኤፍአይ ምረጡ። አይኤስኦውን ለየብቻ ካወረዳችሁ ሳይቱ ላይ ያለውን የኤስኤችኤ256 ቁጥር (የፋይሉን መለያ) ካወረዳችሁት ፋይል ቁጥር ጋር አስተያዩ፣ አንድ ፊደል ከተለየ ማውረዱ ጎድሏል።

ፍላሹን ቦርዱ ጀርባ ላይ ሰኩት፣ ዩኤስቢ 2.0 ካለ እሱ ላይ። የኬዙ ፊት ለፊት ያሉት በኬብል ስለሚመጡ አንዳንዴ ይቆራረጣሉ። እዛው ፐርሰንት ላይ እየቆመ ካስቸገራችሁ ፍላሹን ራሱን በሌላ ቀይሩት።

ዊንዶውስ 7 መጫን የምትፈልጉ ካላችሁ፣ በውስጡ የዩኤስቢ 3 ድራይቨር ስለሌለው አዲስ ቦርድ ላይ ኢንስቶለሩ ሲከፈት ኪቦርድና ማውስ ሊሞት ይችላል፣ ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ዘመኑ ነው።

ደረጃ 7፦ ዲስኩ

ዲስኩ ጭራሽ ካልታየ፦ ከ11ኛ ትውልድ ወዲህ ባሉ የኢንቴል ኮምፒውተሮች፣ በተለይ ላፕቶፕ ላይ፣ ባዮስ ውስጥ "ቪኤምዲ" የሚባል የኢንቴል የዲስክ መቆጣጠሪያ በርቶ ከሆነ የዊንዶውስ ኢንስቶለር ኤንቪኤምኢውን (ፈጣኑን ዲስክ) አያየውም። ወይ ቪኤምዲውን ዝጉ፣ ወይ ከአምራቹ ሳይት የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርን አውርዳችሁ ፈትታችሁ ፍላሹ ላይ አድርጉና "ሎድ ድራይቨር" በሚለው አስገቡ። ዊንዶውስ ቀድሞ ያለበት ላፕቶፕ ላይ ግን ቪኤምዲውን ዝም ብላችሁ አትዝጉ፣ ያለው ዊንዶውስ አይነሳም።

ዲስኩ እየታየ መገልበጥ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ኤም.2ውን (ቦርዱ ላይ ቀጥታ የሚሰካውን ቀጭን ዲስክ) አውጥታችሁ መልሱ፣ ስክሩው መታሰሩን፣ የሂትሲንኩ (የማቀዝቀዣ ብረቱ) ፕላስቲክ መነሳቱን እዩ፣ ሌላ ኤም.2 ስሎት ካለ እዛ ሞክሩ። ሳታ (በኬብል የሚገናኝ) ዲስክ ከሆነ ኬብሉን ቀይሩ። ከዛ ፓርቲሽኖቹን (የዲስኩን ክፍሎች) በሙሉ አጥፉና ባዶ ቦታው ላይ ጫኑ። ማጥፋት ማለት ዳታው ሄደ ማለት ነው፣ ትክክለኛው ዲስክ መሆኑን በጊጋው አይታችሁ እርግጠኛ ሁኑ።

ዲስኩን ከሌላው ለመለየት ጥሩ ዘዴ አለ። ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ነቅላችሁ ኡቡንቱን ከፍላሽ ሳትጭኑ አስነሱት፣ ቪዲዮ ምናምን እየከፈታችሁ አንድ ሰዓት አሠሩት። ያለ ዲስክ ሰላም ከሆነ፣ ዲስኩ ሲመለስ ከወደቀ ነገሩ ግልጽ ነው። ያለ ዲስክም ከወደቀ ዲስኩን ተዉት፣ ወደ ራምና ፓወር ተመለሱ።

ደረጃ 8፦ አሁን ጫኑ

የኢንተርኔት ኬብሉን ንቀሉ፣ ፋይል ተገልብጦ እስኪያልቅ አያስፈልግም። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ ይሰካ። መጀመሪያ ሪስታርት ሲያደርግ ፍላሹን ንቀሉ። ዊንዶውስ ኤረር አውጥቶ ከቆመ ሳታጠፉት ሺፍትና ኤፍ10 ብትጫኑ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ይከፈታል፣ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ "ፓንተር" የሚባል ፎልደር አለ፣ የመጫኑ መዝገብ እዛ ነው፣ መጨረሻው ላይ ያሉትን መስመሮች ፎቶ አንሱ።

ኡቡንቱ ላይ ስክሪኑ ጠቁሮ ከቀረ፣ በተለይ አዲስ የኤንቪዲያ ካርድ ካላችሁ፣ ከመጀመሪያው ሜኑ ላይ "ሴፍ ግራፊክስ" የሚለውን መርጣችሁ ግቡ።

ደረጃ 9፦ ተጭኖ ካለቀ በኋላ የሚወድቅ ከሆነ

መጀመሪያ የቺፕሴቱን (የቦርዱን) ድራይቨር፣ ከዛ የግራፊክሱን ጫኑ፣ ሁለቱንም ከአምራቹ። የግራፊክስ ድራይቨር ሲጫን ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ካርዱና ፓወሩ ላይ አተኩሩ፣ ካርዱ ሁለት ሶኬት ካለው ጫፉ መንታ የሆነ አንድ ኬብል ከመጠቀም ይልቅ ሁለት የተለያየ ኬብል ስጡት።

ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ "ከርነል ፓወር 41" አይታችሁ ፓወር ሰፕላይ ለመግዛት አትሩጡ። እሱ የሚለው ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ጠፋ ነው፣ ምክንያቱን አይናገርም።

ሁለት ቀን ሰላም ከሰነበተ ያወጣችሁትን ዕቃ አንድ በአንድ መልሱ፣ በመጨረሻ ኤክስኤምፒውን አብሩና ሜምቴስቱን እንደገና አሂዱ። ኤረር ከመጣ ፍጥነቱን በእጃችሁ ዝቅ አድርጉ፣ 6000 እንቢ ያለ ራም 5600 ላይ ንጹህ ሊሆን ይችላል። በተበላሸው ራም የተጫነ ዊንዶውስ ካላችሁ ደግሞ ራሙ ከተቀየረ በኋላ አጥፍታችሁ እንደ አዲስ ጫኑት፣ ፋይሎቹ ሲጻፉ ስለተበላሹ ራሙ ቢድንም እነሱ አይድኑም።

ሁሉም አልፎ አሁንም እንቢ ካለ

ከሚሠራ ኮምፒውተር ተውሳችሁ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ከነራሱ ኬብሎች ቀይራችሁ ሞክሩ፣ ከዛ ራሙን፣ ከዛ ቦርዱን። ፕሮሰሰር መጨረሻ ነው፣ አዲስ ሆኖ የተበላሸ ፕሮሰሰር ያጋጥማል ግን ከሌሎቹ ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ላፕቶፕ ወይ ተገጣጥሞ የተገዛ ከሆነ ከራሙ አልፋችሁ አትፍቱ፣ የዋስትና ወረቀቱን አንብቡ፣ ለሻጩ የሜምቴስቱን ፎቶና የብሉ ስክሪኑን ቪዲዮ አብራችሁ አሳዩት፣ "አይሠራም" ብቻ ብላችሁ ከሄዳችሁ አብርተው ባዮስ ያያሉ፣ ይሠራል ብለው ይመልሱላችኋል።

ቦርድ የምትመልሱ ከሆነ ፕሮሰሰሩን አንስታችሁ ሶኬቱን በስልክ መብራት ከጎን እዩት፣ ፒኖቹ ቦርዱ ላይ ያሉ ዓይነት ከሆነ አንዱ እንኳን ከመስመሩ ወጥቶ ካያችሁት በጣት አትንኩት፣ ፎቶ አንሱት። ከዛ ሶኬቱ ላይ የነበረውን ፕላስቲክ ክዳን መልሱበት፣ ያለ ክዳኑ ከላካችሁት ፒኖቹ መንገድ ላይ ይጣመሙና ዋስትናውን ሊያሳጣችሁ ይችላል።